ከ«ወፌ ቆመች» እስከ ወር ቆጠራ፦ የሕፃናት ዕድገት አለካክ ታሪክ በሰቆጣና በዋግ ደጋዎች

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ ገጠር አንድ ልጅ ለትምህርት መድረሱና አለመድረሱ ለረጅም ዘመን ሲታወቅ የኖረው በወረቀት ሳይሆን በጆሮ ነው። በመመዝገቢያው ዕለት ልጁ አንድ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ በሌላው ወገን ያለውን ጆሮውን እንዲይዝ ይታዘዛል፤ ከያዘ ለትምህርት ደርሷል ተብሎ ስሙ ይጻፋል፤ ካልያዘ ደግሞ «ለከርሞ ይምጣ» ተብሎ ከአባቱ ጋር ወደ ቤቱ ይመለሳል። የልደት ምስክር ወረቀት ባልነበረበት አገር ይህ ዘዴ ለመምህሩ ታላቅ እርዳታ እንደሰጠ አይካድም። ይሁን እንጂ ዘዴው የሚለካው የክንድን ርዝመት እንጂ ዕድሜን አይደለም። ክንድ የሚረዝመው ደግሞ ዓመታት ስላለፉ ብቻ ሳይሆን፣ ልጁ በመጀመሪያዎቹ የሕይወቱ ዓመታት በቂ ምግብ ስላገኘና ከተደጋጋሚ በሽታ ስለተጠበቀ ጭምር ነው። ስለሆነም በሕፃንነቱ የተራበ ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቶትም ጆሮውን መያዝ ሊሳነው ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ አስቀድሞ ረኀቡ፣ ኋላም መለኪያው ይቀጣዋል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕፃናት በተለይ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው የድክ ድክ ዘመናቸው የሚያልፉባቸው የዕድገት ደረጃዎች በሰቆጣና በዋግ ደጋዎች እንዴት ሲታወቁና ሲለኩ እንደኖሩ በታሪክ ቅደም ተከተል መመርመር ነው። ጉዳዩ የወላጆችና የጤና ሠራተኞች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን በአንደኛ ክፍል ደጃፍ የሚቆመው ልጅ የዚያው የድክ ድክ ዘመን ውጤት ስለሆነ፣ ነገሩ መምህሩንና የትምህርት ዕቅድ አውጪውን በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

2. አገሩና የአበው አቆጣጠር

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በጥንት ጊዜ የዋግ ሹሞች አገር፣ በኋላም በወሎ ክፍለ ሀገር የዋግ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች፣ በአሁኑ ጊዜ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። የአካባቢው ሕዝብ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን ኽምጣናንና አማርኛን ይናገራል። ምድሩ ከደጋው ገደላ ገደል ወደ ተከዜ ቆላ የሚያዘቀዝቅ ሲሆን፣ አፈሩ የሳሳ፣ ዝናቡም የማይታመን ነው። እንግዲህ በዚህ አገር የሕፃን ዕድገት ሁልጊዜ ከአዝመራ ጋር የተያያዘ ነበር።

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች በሙሉ እንደሚስተዋለው፣ በዋግም የክርስቲያን ቤተሰብ በቀን ቆጥሮ የሚያውቀው የሕፃን ዕድሜ አንድ ነው፤ እርሱም እስከ ክርስትና ያለው ጊዜ ነው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስለሚነሡ፣ እስከዚያ ድረስ ቀኑ በጥንቃቄ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ግን ቆጠራው ይላላል። ልጁ የተወለደበት ቀን በታቦት ስም፣ ወሩ በእርሻ ሥራ፣ ዓመቱም በሆነ ክሥተት ይታወሳል፤ «ለኅዳር ሚካኤል፣ አዝመራ ሲሰበሰብ፣ አንበጣ በገባበት ዓመት» እንደ ማለት ነው።

ወራት ባይቆጠሩም ደረጃዎች ግን ተለይተው ይታወቃሉ። በመጀመሪያ የሕፃኑ አንገት ይጸናል፤ ቀጥሎ ተደግፎ፣ ኋላም ሳይደገፍ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይንፏቀቃል ወይም ይድሃል፤ አንድ ነገር ይዞ ይቆማል። ያለ ድጋፍ ለአፍታ በሁለት እግሩ ሲቆም ቤተሰቡ «ወፌ ቆመች» እያለ ያጨበጭብለታል። ከዚያም ዳዴ ይላል፤ ድክ ድክ ይላል፤ በመጨረሻም ይሄዳል። በንግግርም ረገድ ቅደም ተከተሉ እንዲሁ የታወቀ ነው፤ ሕፃኑ አፉን ይፈታል፣ ይኮላተፋል፣ ኋላም አጥርቶ ይናገራል። «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚለው የትምህርት ቃል የመጣው ከዚሁ የእናቶች አነጋገር ነው። በዋግ ብዙ ሕፃናት አፋቸውን የሚፈቱት በኽምጣና መሆኑ ኋላ ለትምህርት ቤቱ ትልቅ ጥያቄ ሆኗል።

ጡት ከጣለ በኋላ የልጁ ደረጃ የሚነገረው በአካሉ ሳይሆን በሥራው ነው። «ለመላላክ የደረሰ» የሚባለው ከጎረቤት እሳት ወይም ወንፊት አምጣ ሲባል መልእክቱን ሳያዛባ አድርሶ የሚመለሰው ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ግልገልና ጥጃ ለመጠበቅ ይደርሳል። ይህ አመለካከት ተራ ልማድ ብቻ ተደርጎ ሊናቅ አይገባውም። ሮበርት ሰርፔል የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ በምሥራቅ ዛምቢያ የቼዋ መንደሮች ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1993 በመጽሐፍ ባወጡት ጥናት፣ አዋቂዎች የልጆችን ብልኅነት የሚመዝኑት ለኃላፊነት ሥራ ማን ሊላክ እንደሚችል በማሰብ መሆኑን አሳይተዋል። መልእክት ማድረስ ቋንቋን መረዳትን፣ ማስታወስን፣ መንገድ ማወቅንና ከሰው ጋር መግባባትን በአንድነት የሚፈትን ስለሆነ፣ የዋግ እናት መለኪያ በይዘቱ ከዘመናዊ መመዘኛዎች የሚያንስ አይደለም።

የአበው አቆጣጠር ጉድለት በሌላ በኩል ነው። ቅደም ተከተሉን ያውቃል፤ የጊዜውን ወሰን ግን አያውቅም። ልጁ መሄድ ሲዘገይ «በጊዜው ይሄዳል» ይባላል እንጂ፣ ከየትኛው ወር በኋላ መሥጋት እንደሚገባ የሚናገር የለም። በተጨማሪም የልጁ ዕድሜ በቁመቱ ስለሚገመት፣ በምግብ እጥረት የቀነጨረው ሕፃን ከዕድሜው በታች ተደርጎ ይታያል። በዚህ ምክንያት መዘግየቱ ራሱ መዘግየቱን ይሸፍነዋል፤ ልጁ ትንሽ ስለሚመስል ትንሽ ነገር ብቻ ይጠበቅበታል።

3. የወር ሠንጠረዥ አመጣጥ

በውጭው ዓለም የሕፃናትን ዕድገት በወር ከፍሎ የመመዝገብ ልማድ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን ስለ በኩር ልጁ የያዘውን ማስታወሻ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1877 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ጥናት ክሊኒክ ያቋቋሙት አርኖልድ ጌዜል ደግሞ ብዙ ሕፃናትን በመመልከት «በዚህ ወር ይህን ያደርጋል» የሚል ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ሠንጠረዡ ለሐኪምና ለመምህር ጠቃሚ ቢሆንም፣ የአንድ አገር ልጆች ዕድገት የዓለም ልጆች ሁሉ ሕግ ተደርጎ እንዲወሰድ በር ከፈተ።

ይህን አስተሳሰብ ካረሙት ጥናቶች አንዱ ለኢትዮጵያ ጎረቤት በሆነችው በኬንያ የተካሄደ ነው። ቻርልስ ሱፐር እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት፣ የኪፕሲጊስ ሕፃናት ከአሜሪካ ሕፃናት ቀድመው እንደሚቀመጡና እንደሚሄዱ፣ በመዳህ ግን እንደማይቀድሙ ገለጹ። ምክንያቱም እናቶቻቸው መቀመጥንና መራመድን ሆን ብለው ያለማምዷቸዋል፤ መዳህን ግን አያስተምሯቸውም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ዕድገት ከተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን ከአስተዳደግም ይመነጫል። በአንቀልባ ታዝሎ የሚውል የደጋ ሕፃንና ምንጣፍ ላይ ተለቅቆ የሚውል የከተማ ሕፃን በአንድ ቀን እንዲድሁ መጠበቅ አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረገው መለኪያ ይህን ሁሉ ከግምት ያስገባ ነው። በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 816 ጤናማ ሕፃናት ከተከታተለ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ወር ከመወሰን ይልቅ ሰፋ ያለ የጊዜ ክልል አስቀመጠ። በዚህም መሠረት፦

ሀ/ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፤
ለ/ በእጅና በጉልበት መዳህ ከ5.2 እስከ 13.5 ወር፤
ሐ/ ያለ ድጋፍ መቆም ከ6.9 እስከ 16.9 ወር፤
መ/ ብቻውን መራመድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ነው።

ከሕፃናቱ 4.3 ከመቶ የሚሆኑት ጭራሽ ሳይድሁ ወደ መራመድ አልፈዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2022 የወላጆች መከታተያውን ሲያሻሽል መዳህን ከዝርዝሩ አውጥቷል። በዚሁ መከታተያ መሠረት አብዛኞቹ ሕፃናት በ18 ወራቸው ሳይደገፉ ይራመዳሉ፤ በ2 ዓመታቸው ሁለት ቃላት አያይዘው ይናገራሉ፤ በ30 ወራቸው 50 ያህል ቃላት ይኖሯቸዋል። የዋግ እናት «የሚንፏቀቅም የሚድህም አለ» ስትል ከኖረችው ጋር ይህ አይጋጭም። ሠንጠረዡ የጨመረው ዋና ነገር የላይኛውን ወሰን ነው፤ ይኸውም 18 ወር ሞልቶት ያልተራመደ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ እንዳለበት ማሳወቁ ነው።

በኢትዮጵያም መመዘኛዎችን ከአገሩ ኑሮ ጋር የማስማማት ሥራ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ የወጣውና በ1992 የተሻሻለው የዴንቨር መመዘኛ በጅማ ለኢትዮጵያ ሕፃናት እንዲስማማ ተደርጎ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ልጁ አይቶት በማያውቀው ዕቃ ሲፈተን የሚታየው የዕቃው እንግድነት እንጂ የልጁ ችሎታ ስላልሆነ፣ ይህ ማስማማት የግድ አስፈላጊ ነበር።

4. ክፉ ቀንና የጠፋው ጊዜ

ከላይ የተመለከተው የወር ሠንጠረዥ የሚሠራው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ የልጁ ዕድሜ መታወቅና ልጁ መመገብ። በዋግ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አልተሟሉም።

የሕፃናት ምግብ ጉዳይ በአገር ደረጃ ትኩረት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በአዲስ አበባ ሲቋቋም ነው። ይህ ተቋም ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ጡት ለሚጥሉ ሕፃናት ያዘጋጀው ድብልቅ ዱቄት ስሙን «ፋፋ» ከሚለው የአማርኛ ግሥ ወሰደ። ፋፋ በድርቅ ጊዜያት የእርዳታ ምግብ ሆኖም ታድሏል። ነገር ግን በገበያ የሚሸጥ ዱቄት ከመንገድ ርቆ ለሚኖር የዋግ ገበሬ በቀላሉ የሚደርስ አልነበረም። ሕፃኑ ጡት ሲጥል የሚጠብቀው የቤቱ ገንፎ፣ አጥሚትና ፍትፍት ነበር። በአጽዋማት ወቅት ሕፃናት የመጾም ግዴታ ባይኖርባቸውም፣ በቤቱ ወተትና ቅቤ ስለማይነካ የእነርሱም ድርሻ አብሮ ይቀራል።

የ1966ቱ ረኀብ ወሎን እንደጎዳ፣ የ1977ቱ ደግሞ ከዚያ በከፋ ሁኔታ ዋግን፣ ላስታንና ትግራይን መታ። ጦርነቱ እርዳታ እንዳይደርስ ስላደረገ፣ ብዙ የዋግ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ኮረም በእግር ተጓዙ። በመጠለያዎች ዕድሜ በትክክል የሚናገር ወላጅ ማግኘት አስቸጋሪ ስለነበረ፣ ሕፃናት ለተጨማሪ ምግብ የሚመረጡት ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ተነጻጽሮ ነበር። ይህ ዘዴ ዕድሜን ስለማይጠይቅ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ለማትረፍ ረድቷል። ሆኖም የሚያሳየው ልጁ በዚያን ዕለት ምን ያህል እንደከሳ እንጂ፣ ከዕድገቱ ምን ያህል ጊዜ እንደጠፋበት አይደለም። ቁመቱ ያጠረ ሕፃን ክብደቱ ለቁመቱ ሲበቃ «ድኗል» ተብሎ ይሰናበታል፤ ማጠሩ ግን አብሮት ይሄዳል።

የጠፋው ጊዜ ሂሳብ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስቴፋን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ የገጠር ቀበሌዎች ረኀቡን በሕፃንነታቸው ያሳለፉ ወጣቶችን ከ20 ዓመት በኋላ መርምረዋል። ረኀቡ በበረታበት ጊዜ ከ12 እስከ 36 ወር ዕድሜ ላይ የነበሩት፣ ካደጉ በኋላ ከእነርሱ ከሚበልጡት ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኙ፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን የመጨረስ ዕድላቸውም ዝቅ ያለ መሆኑን የሚጠቁም መረጃ ተገኘ። በማኅፀን በነበሩት ላይ ግን ይህን ያህል ጉዳት አልታየም። ጥናቱ ዋግን ብቻ የሚመለከት ባይሆንም፣ ውጤቱ ለዋግ የሚናገረው ብዙ ነው። ከ12 እስከ 36 ወር ማለት «ወፌ ቆመች» ከሚባልበት ጊዜ አንሥቶ ለመላላክ እስኪደረስ ድረስ ያለው ዘመን ነው። ሕፃኑ ከጡት ወደ ማዕድ የሚሻገርበት፣ በእግሩ መሄድ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባበት፣ አፉን የሚፈታበት ዘመን ነው። በዚህ መሸጋገሪያ ላይ ማዕዱ ባዶ ሲሆን ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ይከተላል።

5. የሰቆጣ ቃል ኪዳንና ከዚያ ወዲህ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ኋላም ኽምጣና በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ማስተማሪያ ለመሆን በቃ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ክብደትና ቁመት የሚለካ ባለሙያ ወደ ቀበሌ አወረደ። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ቃል ሲገባ፣ ውሳኔው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። በረኀብ ስሟ ይነሣ የነበረችው ከተማ ስሟን ለዚህ ዓላማ ሰጠች። ሥራውም በመጀመሪያ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ።

በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም. 58 ከመቶ፣ በ1997 ዓ.ም. 51 ከመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. 44 ከመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 38 ከመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. 37 ከመቶ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. በአማራ ክልል አኀዙ 46 ከመቶ በመሆኑ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ርምጃው እጅግ ዘግይቷል።

የዕድሜ መታወቅም እንዲሁ በአዝጋሚ ሁኔታ ተራምዷል። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ወደ 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነትም ዋግን አልማረም፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በሰቆጣና በአካባቢዋ ተጠልለው ነበር። የሕፃናት ክትትል የሚደረግባቸው ጤና ኬላዎችና ትምህርት ቤቶች በጦርነት ጊዜ ሥራቸው ሲስተጓጎል፣ በድክ ድክ ዘመናቸው ላይ የነበሩ ሕፃናት ዳግመኛ ሳይለኩ አለፉ።

የሕፃን ዕድገት በምግብ ብቻ የማይጠገን መሆኑን የሚያሳይ ልምድ በጃማይካ ተገኝቷል። በኪንግስተን ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸው 129 የቀነጨሩ ሕፃናት በአራት ወገን ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ተጨማሪ ምግብ፣ ሌላው በሳምንት አንድ ሰዓት ከእናቱ ጋር የሚካሄድ የጨዋታ ትምህርት፣ ሌላው ሁለቱንም ለሁለት ዓመት አገኘ፤ አራተኛው ለማነጻጸሪያ ብቻ ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው ውጤት በአእምሮ ዕድገት ከሁሉም የተሻሉት ሁለቱንም ያገኙት ሆኑ። ከ20 ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትልም የጨዋታ ትምህርቱን ያገኙት ካላገኙት በ25 ከመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። የጨዋታ መሣሪያዎቹ በቤት የተሠሩ፣ አሠልጣኞቹም የአካባቢው የጤና ረዳቶች ነበሩ። ከልጅ ጋር መነጋገር፣ ማጫወትና ማጨብጨብ ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም፤ የ«ወፌ ቆመች» ልማድ ራሱ የዚህ ዓይነት ትምህርት ነው።

6. መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ሐሳብ አንድ ነው። የዋግ እናቶች የዕድገትን ቅደም ተከተል ሲያውቁ ኖረዋል፤ ዘመናዊው ሠንጠረዥ ደግሞ ጊዜውን ያውቃል። ጉዳት የደረሰው ሁለቱ ባለመገናኘታቸው ነው። ስለሆነም፦

ሀ/ መምህሩ በምዝገባ ዕለት የጆሮን መለኪያ ብቻ ተከትሎ ልጅ ከመመለስ ይልቅ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ይጠይቅ፤ ከሌለም የአካባቢውን በዓላት፣ አዝመራዎችና ክሥተቶች በቅደም ተከተል የያዘ መዝገብ አዘጋጅቶ እናቲቱን አፏን በፈታችበት ቋንቋ ይጠይቃት።

ለ/ ቁመቱ ያጠረ ልጅ ዕድሜው ከደረሰ ከእኩዮቹ ጋር ይመዝገብ፤ ማጠሩ የሚጠይቀው መመለስን ሳይሆን ተጨማሪ ትኩረትን ነው።

ሐ/ ዕቅድ አውጪው የቅድመ አንደኛ ትምህርትን ሲያቅድ ከአራት ዓመት በታች ያሉትን ለጤናው ዘርፍ ብቻ አይተዋቸው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገብና የትምህርት ቤቱ መዝገብ እንዲገናኙ ያድርግ።

ይህ ለነገ የሚቆይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በዋግ ድክ ድክ ይሉ የነበሩ ሕፃናት ሰባት ዓመት የሚሞላቸው ከ2018 እስከ 2020 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። እነዚህ ልጆች በአባቶቻቸው እጅ ተይዘው ወደ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ይቀርባሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከዕድሜያቸው በታች መስለው ይታያሉ። እጃቸው ጆሯቸው ባይደርስም ስማቸው ሊጻፍ ይገባል።